የጎርፍ ካርታው ሲቀየር ባንኩ ለምን ደብዳቤ ይልካል?

በቅርቡ አንዲት እናት ከሞርጌጅ ኩባንያቸው የመጣ ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ደብዳቤው ኩሽናቸው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። ማስታወቂያ መስሏቸው ነበር። ልጃቸው አይቶት ሲደነግጥ ነው እሳቸውም የደነገጡት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳላሳልፍ ከፍያለሁ። ቤቴ ውሃ ገብቶት አያውቅም። ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ምንም አላጠፉም። ቤታቸውም ከነበረበት አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው ካርታ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤትዎ አሁን ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት ባለበት ክልል ውስጥ ገብቷል፤ በ45 ቀን ውስጥ የጎርፍ ኢንሹራንስ ገዝተው ማስረጃ ያምጡ፤ ካላመጡ እኛ ገዝተን እናስከፍልዎታለን።

አሜሪካ ውስጥ ቤት በብድር የገዛ ማንኛውም ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ቀን ሊደርሰው ይችላል። ቋንቋው ደረቅ ነው። ያለው ጊዜም አጭር ነው። ሳያነቡት ማሳለፍ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግዴታው ከየት መጣ?

መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። እሳት ቢነሳ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ኢንሹራንሱ አለ። ውሃው ከውጭ በምድር ላይ ፈሶ በበር ሲገባ ግን የለም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ምንጣፉ ከራሰ በኋላ ነው።

የግል ኩባንያዎች የጎርፍን ኪሣራ ፈርተው ከገበያው ስለራቁ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም የሚባለውን አቋቋመ። ዛሬ የሚያስተዳድረው ፌማ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት። መጀመሪያ ላይ መግዛት በፈቃደኝነት ነበር። ሰው አልገዛም። በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል ሲያጥለቀልቅ ኢንሹራንስ ያለው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1973፣ ግዴታውን ያመጣው ሕግ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነጥብ አለ። ሕጉ የሚያስገድደው ባለቤቱን ሳይሆን አበዳሪውን ነው። ቤቱን በጥሬ ገንዘብ የገዛ፣ ወይም ብድሩን ከፍሎ የጨረሰ ሰው፣ ቀደም ሲል የፌዴራል የአደጋ እርዳታ ተቀብሎ ካልሆነ በቀር ማንም አያስገድደውም። ባንክ ግን በስጋት ክልል ውስጥ ያለን ቤት መያዣ አድርጎ ሲያበድር፣ ቤቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ እንዲኖረው ማድረግ አለበት። በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር ያሉ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች፣ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጡት የኤፍኤችኤና የቪኤ ብድሮች፣ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የሚባሉት ድርጅቶች ከባንኮች የሚገዟቸው ብድሮች ሁሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ የኛ ሰው የሚበደረው ብድር ከሞላ ጎደል ከነዚህ አይወጣም።

በ1994 ሕጉ ጠበቀ። በ2012 ደግሞ ግዴታውን በተደጋጋሚ የሚጥስ አበዳሪ የሚጠብቀው ቅጣት በእያንዳንዱ ጥፋት ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ለዋጋ ግሽበት እየተባለ ይጨመርበታል። ስለዚህ በስልክ የምታናግሩት የባንክ ሠራተኛ ከልቡ ቢያዝንላችሁም እንኳ «ይቅርልዎት» ሊላችሁ አይችልም። እሱ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። መከራከሪያው ቦታ ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ።

መስመሩ ምን ማለት ነው?

ፌማ ለእያንዳንዱ አካባቢ የጎርፍ ካርታ ያወጣል። ካርታው ላይ ስማቸው በ«ኤ» ወይም በ«ቪ» የሚጀምር ዞኖች ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ናቸው። ቪ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ማዕበል ያለበት። ኤ የወንዝ፣ የጅረትና የዝቅተኛ ቦታ ነው። «ኤክስ» ላይ ያለ ቤት ከግዴታው ውጭ ነው።

መስመሩ የሚሰመረው በአንድ ስሌት ነው። በማንኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ውስጥ ይገባል። ይህንን ጎርፍ ሰዎች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ይሉታል። ስሙ አሳሳች ነው። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደግም ይችላል። ለ30 ዓመት ብድር ሲሰላ ደግሞ ቤቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጎርፍ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ነው። ከአራት አንድ መሆኑ ነው። ባንኩን የሚያሳስበው ይኸው ነው።

ታዲያ መስመሩ ለምን ይነቃነቃል? አንዳንዴ መለኪያው ስለሚሻሻል ነው። ድሮ በግምት የተሰመረው ዛሬ ከአውሮፕላን በጨረር እየተለካ የመሬቱ ከፍታ በትክክል ይታወቃል። አንዳንዴ ከላይ በኩል ሕንፃና አስፋልት ስለሚበዛ ነው። ድሮ ሣር ይጠጣው የነበረው ዝናብ አሁን በአንድ ጊዜ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። አንዳንዴም የጎርፍ መከላከያ ግድብ አሁን ያለውን መስፈርት ያሟላል የሚል ማረጋገጫ ስለሚያጣ ነው። ያን ጊዜ ከግድቡ ጀርባ ያለ ሰፈር ሁሉ በአንድ ሌሊት የስጋት ክልል ይሆናል።

ዝናቡም ራሱ ተለውጧል። ሂውስተንን እንውሰድ፤ የኛም ሰው ብዙ የሚኖርባት ከተማ ናት። እዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚዘንበው «የመቶ ዓመት ዝናብ» ለረጅም ጊዜ 13 ኢንች አካባቢ ተብሎ ይሰላ ነበር። በ2018 የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳይንቲስቶች የቴክሳስን መዝገብ እንደገና ሲያሰሉት ቁጥሩ ወደ 18 ኢንች አካባቢ ወጣ። ዝናቡ በዚህ መጠን ሲጨምር የካርታው መስመር ባለበት ሊቆም አይችልም።

ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት የሚያልፉት ወራት

የባንኩ ደብዳቤ ድንገተኛ ይመስላል እንጂ ካርታው በድንገት አይቀየርም። መጀመሪያ ረቂቁ ይወጣል። ካውንቲው ወይም ከተማው ስብሰባ ይጠራል። በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣና 90 ቀን የሚቆይ የይግባኝ ጊዜ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ማንም ነዋሪ «ስሌታችሁ ስህተት ነው፣ ማስረጃዬ ይኸው» ማለት ይችላል፤ ማስረጃው ግን ቴክኒካዊ መሆን አለበት። ይግባኙ ሲያልቅ ፌማ የመጨረሻ ውሳኔውን ለአካባቢው አስተዳደር ይልካል። ከዚያ በኋላ 6 ወር ይሰጣል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ካርታው ሕግ ይሆናል።

ከረቂቁ እስከ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ከዓመት በላይ ይወስዳል። የሚያሳዝነው፣ የኛ ሰው ስለነገሩ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። የካውንቲው ማስታወቂያ በአማርኛ ከመጣ እንኳ ጠቃሚ መሆኑን ማን ይነግረናል? ሥራ ላይ ነን፣ ሁለት ፈረቃ ነን፣ ስብሰባው ማክሰኞ ማታ ነው። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችንና ቤተ እምነቶቻችን ስለ ግብር ወቅት እንደሚነግሩን ስለዚህም ቢነግሩን ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

አድራሻችሁን በፌማ የካርታ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። አሁን የሚሠራበት ካርታ ብቻ ሳይሆን እየመጣ ያለው ረቂቅም ይገኛል። ረቂቁን ነው ማየት ያለባችሁ። ቤት ልትገዙ ስታስቡማ የግድ ነው። ዛሬ ኤክስ ላይ ያለ ቤት ከስምንት ወር በኋላ ከኤ ዞኖች አንዱ በሆነው በኤኢ ላይ ሊሆን ይችላል። የምትዋዋሉ ቀን ይህን የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ባንኩስ ካርታው መቀየሩን በምን ያውቃል? ሕጉ በየቀኑ ካርታ እያየ እንዲከታተል አያስገድደውም። ነገር ግን አብዛኞቹ አበዳሪዎች ብድሩ ሲሰጥ ለአንድ ተቋራጭ ይከፍላሉ፤ ተቋራጩ ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ካርታውን ይከታተላል። ክፍያው ቤት ስትገዙ ከፈረማችሁት የወጪ ዝርዝር ውስጥ አለ። ብድሩ ሪፋይናንስ ሲደረግ፣ ማለትም በአዲስ ብድር ሲተካ፣ ወይም ሲጨመርም እንደገና ይታያል።

አርባ አምስቱ ቀን

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ቀኑ የሚቆጠረው ባንኩ ካሳወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው እንጂ እናንተ ፖስታውን ከከፈታችሁበት አይደለም። በ45 ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልደረሰው ባንኩ ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ እናንተን ያስከፍላል።

ባንኩ የሚገዛው ኢንሹራንስ ጥሩ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ እናንተ ራሳችሁ ከምትገዙት በጣም ይወደዳል። የሚጠብቀውም በዋናነት የባንኩን ጥቅም ነው፤ ማለትም ሕንፃውን። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ የልጆቹ አልጋና ልብስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ክፍያው ኤስክሮው ውስጥ፣ ማለትም ባንኩ ለግብርና ለኢንሹራንስ ከእናንተ በሚሰበስበው ሂሳብ ውስጥ፣ ይገባና የወር ክፍያው ድንገት ይጨምራል። ሰው የሚደነግጠው ያኔ ነው፤ «ወለዱ ቋሚ አይደለም ወይ?» ብሎ። ወለዱማ ቋሚ ነው። የጨመረው ኢንሹራንሱ ነው።

ይህ ከደረሰባችሁም አልረፈደም። የራሳችሁን ኢንሹራንስ ገዝታችሁ ማስረጃውን ስታቀርቡ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ የራሱን ሰርዞ፣ ሁለቱ ኢንሹራንሶች ለተደራረቡበት ጊዜ የከፈላችሁትን መመለስ አለበት። ሕግ ነው፤ ችሮታ አይደለም። የኢንሹራንሱን የመጀመሪያ ገጽ በኢሜይልም በፖስታም ላኩ፤ የላካችሁበትን ቀን ጻፉ።

ምን ያህል መግዛት አለብኝ?

ሕጉ የሚጠይቀው ከሦስት ቁጥሮች ትንሹን ነው። አንደኛው የቀረው ብድር ነው። ሁለተኛው በመንግሥት ፕሮግራም የሚገኘው ከፍተኛ ሽፋን ነው፤ ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ ለሚኖርበት ቤት 250,000 ዶላር። ሦስተኛው ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። መሬቱ አይቆጠርም፤ ጎርፍ መሬቱን አይወስደውምና።

እንበል 310,000 ዶላር ብድር ይቀራችኋል፤ ቤቱን መልሶ ለመሥራት 280,000 ይፈጃል። ትንሹ 250,000 ነው። ግዴታችሁ ያ ነው። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ ብድሩን እየገፋ 90,000 ደርሷል እንበል። በሕጉ ዝቅተኛው 90,000 ነው፤ አንዳንድ አበዳሪ ግን በራሱ ደንብ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። በ90,000 ዶላር የሚድነው ባንኩ ነው። ቤቱ ከወደመ ዕዳው ይዘጋል፤ እናንተ ግን የሃያ ዓመት ልፋታችሁ ውሃ በላው ማለት ነው። እኔ ብሆን ግዴታውን ሳይሆን ቤቱን መልሶ የሚያቆመውን እገዛ ነበር።

ለቤት ዕቃም እስከ 100,000 ዶላር ለብቻው ይገዛል። ባንኩ ይህን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ዕቃው የሱ መያዣ አይደለምና። ቤዝመንት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ቤዝመንት ውስጥ የሚሸፍነው ውስን ነው። ማሞቂያውንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ይሸፍናል፤ አሳምራችሁ የሠራችሁትን ሳሎንና ያስገባችሁበትን ዕቃ ግን አይከፍልም።

ዋጋውና የአሥራ ሁለት ወሩ መስኮት

ዋናውን የምናገረው እዚህ ላይ ነው። የካርታው ዞን ግዴታውን ይወስናል፤ ዋጋውን ግን እንደ ድሮው አይወስንም። ፌማ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የዋጋ አሠራሩን ቀይሯል። አሁን ዋጋው የሚወጣው ቤቱ ከውሃው ባለው ርቀት፣ በከፍታው፣ በአሠራሩና መልሶ ለመሥራት በሚፈጀው ወጪ ነው። ስለዚህ አንድ ዞን ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች የተለያየ ዋጋ ሊከፍሉ ይችላሉ። ጎረቤታችሁ የነገራችሁን ቁጥር ይዛችሁ አትደንግጡ፤ አትጽናኑበትም።

ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ከካርታ ለውጥ ጋር ታስሮ ቀርቷል። ቤታችሁ ከዝቅተኛ ስጋት ወደ ከፍተኛ ስጋት በአዲስ ካርታ የገባ ከሆነ፣ ካርታው ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ዓመት በቅናሽ ይጀምራል። ከዚያ ለዋና መኖሪያ ቤት ጭማሪው በዓመት ከ18 በመቶ ሳይበልጥ ቀስ እያለ ወደ ሙሉ ዋጋው ይወጣል።

ለማሳያ ያህል፣ ሙሉ ዋጋው 2,000 ዶላር የሆነ ቤት በቅናሽ በ600 ጀመረ እንበል። ሁለተኛው ዓመት ቢበዛ 708፣ ሦስተኛው 835 ገደማ ይሆናል። ሙሉው ላይ ለመድረስ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጃል። መስኮቱ ካመለጠው ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን 2,000 ይጠየቃል። የናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ባንኩ ገዝቶ የሚጭነው ኢንሹራንስ ይህን ቅናሽ አያስገኝም። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ገንዘብ ያስወጣል ያልኩት ለዚህ ነው።

ኤጀንቱን በግልጽ ጠይቁት፦ «ቤቴ በአዲስ ካርታ የገባ ነው፤ ቅናሹን አስበኸዋል?» ብላችሁ። ሁሉም ኤጀንት ጎርፍ ላይ አልሠለጠነም። ከጀመራችሁ በኋላም ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ ተጠንቀቁ፤ ከተቋረጠ ቅናሹ ሊጠፋ ይችላል።

የመጠበቂያ ጊዜም አለ። እንደ ተራው ደንብ ኢንሹራንሱ ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው በ30 ቀኑ ነው። አዲስ ካርታ ላስገባው ቤት ግን በመጀመሪያዎቹ 13 ወራት ውስጥ ከተገዛ መጠበቁ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከመንግሥቱ ፕሮግራም ውጭ የግል ኩባንያም ይሸጣል። ከጁላይ 2019 ጀምሮ ባንኮች መስፈርቱን የሚያሟላ የግል ኢንሹራንስ እንዲቀበሉ ይገደዳሉ። አንዳንዴ ይረክሳል፤ ከ250,000 በላይም ይሸፍናል። ችግሩ፣ የግል ኩባንያ በሚቀጥለው ዓመት «አላድስም» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ወደ መንግሥቱ ስትመለሱ የቀድሞው ቅናሽ ላይጠብቃችሁ ይችላል። ሁለቱንም ዋጋ አስወጡ፤ ከመወሰናችሁ በፊት ግን ይህን አትርሱ።

በጎርፍ ክልል ያለ ቤት ለምትገዙ አንዲት ምክር ልጨምር። የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ከሻጭ ወደ ገዢ ሊተላለፍ ይችላል። ሻጩ በቅናሽ ይከፍል ከነበረ ያንኑ ዋጋ ይዛችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው መጠየቅ ያለበት።

መስመሩ ከተሳሳተስ?

መከራከሪያው ሌላ ቦታ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው የባንኩ ተቋራጭ ካርታውን በትክክል አላነበበም የሚል ነው። ያን ጊዜ ከባንኩ ጋር በጋራ ሆናችሁ፣ ባንኩ ካሳወቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ፣ ፌማ እንዲያየው ማመልከት ትችላላችሁ። መጠነኛ ክፍያ አለው።

ሁለተኛው የበለጠ የሚያጋጥም ነው። ካርታው በደንብ ተነቧል፤ ግን ካርታው ሰፊ ነው፣ የናንተ ቤት ደግሞ ከፍ ያለች ጉብታ ላይ ናት። ለዚህ ሎማ የሚባል ማመልከቻ አለ። ፌማ ራሱ አያስከፍልም። ወጪው የቀያሽ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰርቬየር መጥቶ ቤቱን የሚነካውን ዝቅተኛ መሬት ከፍታ ይለካል። ያ ከፍታ ካርታው ከሚለው የጎርፍ ከፍታ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ቤታችሁ ይወጣል። ሰርቬየር ከመቅጠራችሁ በፊት ግን ወደ ካውንቲያችሁ ወይም ከተማችሁ የጎርፍ ጉዳይ ኃላፊ ደውሉ። የቤቱ የከፍታ ምስክር ወረቀት ቀድሞውኑ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንድ ስልክ ብዙ መቶ ዶላር ያድናል።

ግዴታው የሚመለከተው ሕንፃውን እንጂ ግቢውን እንዳልሆነም እወቁ። መስመሩ ጓሯችሁን ብቻ ነክቶ ቤቱን ካልነካ ማስረጃው ቀላል ነው፤ ያለ ከፍታ ልኬትም ሊያልቅ ይችላል። ከዋናው ቤት ተለይታ የቆመች፣ ሰው የማይኖርባት የዕቃ ማስቀመጫ መስመሩ ውስጥ ብትገባም ከ2014 ወዲህ በሕግ ግዴታ የለባትም።

መረጃው ከተሟላ በኋላ የፌማ መልስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 60 ቀን ይወስዳል። እስከዚያ 45ቱ ቀን አይቆምም። እሱን ጠብቁ ብሎ የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት። ኢንሹራንሱን ግዙ፤ ሎማው ሲመጣ ባንኩ ከለቀቃችሁ ሰርዛችሁ እንደ ደንቡ ተመላሽ መጠየቅ ትችላላችሁ። ባንኩ «ከለቀቃችሁ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሕጉ ባያስገድደውም አበዳሪው በራሱ ውሳኔ እንዲቀጥል ሊጠይቅ ይችላል። ልቀቁኝ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጽሑፍም መልስ ተቀበሉ። የድሮ ሎማ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ካርታ ሲወጣ ወረቀታችሁ መጽናቱን አረጋግጡ። ይጸናል ወይም ይሻራል፤ በራሱ አይቀጥልም።

ኮንዶ ያላችሁ ነገራችሁ ትንሽ ይለያል። የሕንፃውን ኢንሹራንስ የሚገዛው ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ በቂ ካልገዛ ግን ባንኩ እናንተን ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል። ለማኅበሩ ጽፋችሁ የጎርፍ ፖሊሲውን ቅጂ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ከ45ቱ ቀን የቀራቸው ሃያ አራት ነበር። በዚያው ሳምንት ከኤጀንት ጋር ተነጋግረን በቅናሹ ገዙ፤ የቤት ዕቃውንም ጨመሩበት። ካርታውን አጉልተን ስናየው መስመሩ የጓሯቸውን ጫፍ ይዞ ነው የሚያልፈው፤ ቤቱን የነካው አይመስልም። ማመልከቻው ተልኳል፤ መልሱ ገና አልመጣም።

«ካወጡኝ ልሰርዘው?» አሉኝ።

በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂውስተንን ሲመታ የሆነውን ነገርኳቸው። ሂውስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ውሃ ከገባባቸው ከ150,000 በላይ ቤቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከመስመሩ ውጭ ነበሩ። እዚህም ቅርባችን፣ በአርሊንግተንና በአሌክሳንድሪያ መካከል የሚያልፈው ፎር ማይል ረን የተባለው ጅረት ጁላይ 8 ቀን 2019 በአንድ ጠዋት ዝናብ እንዴት እንደሞላ እሳቸው ራሳቸው ያስታውሳሉ። ለሥራ እየነዱ ነበር፤ መንገዱ ጠፍቶባቸው ተመለሱ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «የወር ሂሳቡን በደንብ አሳየኝ» አሉና መነጽራቸውን አወጡ።